ለዋልካው የተመረጠ ካምቢዮ

ነሐሴ፣ ከጎንደር ስንወጣ

ሰማዩ ሳይገልጥ አዘዞን አለፍን። የምትነዳው ታናሽ እህቴ ውባለም ናት። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ክረምቱን መተማ ወዳለው የአባታችን ሰሊጥ እርሻ መውረዴ ነው። መኪናችን በአራቱም ጎማ የምትጎትት አሮጌ ፒክአፕ ናት። እርጥብ አስፋልት፣ ጭጋግ፣ አይከል ዳር ድንች የዘረጉ ሴቶች። ዳገቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ እየነቀለ ስላስቸገራት ውባለም ዘንጉን በጉልበቷ ደግፋ ትነዳለች።

«ካምቢዮው ካልተቀየረ፣ ወንድምዓለም፣ ክረምቱን አንወጣውም» አለችኝ።

ሸኸዲ

ቆላው በወበቁ ተቀበለን። ሽማግሌው መካኒክ ጋሽ ሲሳይ ሁለት ካምቢዮ አውጥተው ጣውላ ላይ አስቀመጡ። አንዱ ቀለል ያለ ባለ አምስት ማርሽ ነው፤ ሌላው ከጭነት መኪና የወጣ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው ባለ አራት።

«ባለ አምስቱ ይሻልሻል። አስፋልት ላይ ሞተሩ አይጮህብሽም» አሉ።

አባታችንም በስልክ በዚሁ ተስማሙ። ውባለም ግን የሁለቱንም ጥርሶች በጣቷ ዳሰሰች።

«ለጎንደር መንገድስ እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። እኔ ግን ክረምቱን የምነዳው ዋልካ ውስጥ፣ ጎማ በሚውጠው ጥቁር ጭቃ ላይ ነው። የዚህ የባለ አራቱ አንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ይጎትታል፤ ጥርሱም ወፍራም ነው።»

«ይረዝማል እኮ! ካርዳኑ ሊቆረጥ ነው።»

«ይቆረጣ!»

ካርዳኑ፣ ከካምቢዮው ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ፣ ቶርኖ ቤት ገብቶ አጠረ፤ ፍሪሲዮኑም አብሮ ተቀየረ። በማግስቱ ፉል በዘይትና በሽንኩርት በልተን ተነሳን።

እርሻው

ከኮኪት ወዲያ አስፋልቱን ለቀን ገባን። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ሲያባራ፣ ለአረም ከጎጃም የመጣ ደመቀ የሚባል ሠራተኛ በወባ ተንቀጠቀጠ፤ ሰውም መለየት አቃተው። በእኛና በመተማ ዮሐንሱ ሐኪም ቤት መካከል ኮሩ አለ፤ በክረምት ብቻ የሚፈስ ወንዝ ነው። የጎረቤት ትራክተር እዚያው አፋፍ ላይ ተቀብሮ ቆሟል።

ደመቀን ከኋላ አስተኛነው፤ አብሮት የመጣ ጓደኛው ጭንቅላቱን ታቀፈለት። ውባለም ወርዳ የውሃውን ጥልቀት በእንጨት ለካች፣ ተመለሰች፣ አንደኛ ማርሽ አስገባች።

«ማንም እንዳያናግረኝ» አለች።

ውሃው በሩን መታው። ጭቃው ጎማውን ዋጠ፤ መኪናዋ ዘመመች፤ እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ። ሞተሩ ግን አልተጣደፈም፣ አልጠፋምም። እንደ እርሻ በሬ አንገቱን ደፍቶ ጎተተ። ዐይኔን ስገልጥ ማዶ ነን። ከኋላ የደመቀ ጓደኛ «እሰይ የኔ እናት! እሰይ!» እያለ ጣራውን ይደበድባል።

መተማ ዮሐንስ

የተሰለፉ ከባድ መኪኖች፣ ባጃጆች፣ በእግራቸው ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚሻገሩ ነጋዴዎች። ሐኪሞቹ ደመቀን ተቀብለው መድኃኒት ሰቀሉለት። በማግስቱ ስንጠይቀው ትራስ ተደግፎ ሾርባ ይጠጣል። «እትዬ፣ ነፍሴን አንቺ ነሽ የመለስሽ» አላት። ውባለም ብርድ ልብሱን አስተካከለችለት።

አባታችን ወሬውን ሰምተው መጥተው የሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እስከ መስታወቷ ጭቃ የለበሰችውን መኪና ዞረው አዩ፤ ጎንበስ ብለው ከሥሯም ተመለከቱ።

«ባለ አምስቱን ብለን ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ብላችሁ ነበር፣ አባዬ።»

ሳቁ። በሩን ከፍተው ከጎኗ ተቀመጡ።

«በገበያው በኩል ንጂኝ።»

«መጀመሪያ ትታጠብ እንጂ።»

«ተያት» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «ሰው እንዲህ እንዳለች ይያት።»