እኛ ቤት ያረፈው የግራ ክንፍ

የወንድሜ ልጆች ክረምት በመጣ ቁጥር ስልካቸው ላይ ተደፍተው የትኛው ክለብ ማንን እንዳስፈረመ ይከራከራሉ። አንዳንዴ "አክስቴ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" ይሉኛል። በወጣትነቴ ኳስ እወድ እንደነበር አባታቸው ነግሯቸዋል። "ጥሩ ነው" እላቸዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልናገርም። አዲስ ተጫዋች መጣ ሲባል ለእኔ ቀድሞ የሚታየኝ የሚወጣው ነው። ይህን ለልጅ ማስረዳት ይደክማል።

በደርግ ጊዜ ቤታችን ከላምበረት ወደ ላይ፣ ተራራው ሥር ነበር። እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ ነበርን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ሳሙና ፋብሪካ ገባሁ። ሥራዬ ሳሙና በወረቀት መጠቅለል ነበር። ፋብሪካው የኳስ ቡድን ነበረው፤ ወንድሜም በጫኝነት ተቀጥሮ በግራ ክንፍ ይጫወትለት ነበር። ጫኝ ይባል እንጂ ዕቃ ሲሸከም ያየው ሰው የለም። ያኔ ተጫዋች የሚፈርመው በዚህ መንገድ ነበር፤ የፋብሪካ ሥራ ይሰጠዋል፣ ታኬታ ጫማ ይገዛለታል፣ በወር መጨረሻ እንደማንኛችንም ሳሙናውን ይወስዳል።

ኳስ ያስለመደኝ አባቴ ነው። ወንድ ልጅ የመጣለት ዘግይቶ ስለሆነ በልጅነቴ ሜዳ ይዞ የሚሄደው እኔን ነበር። ከሞተ በኋላም መሄዴን አልተውኩም። ከሜዳው ዳር፣ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት፣ የምቀመጥበት ድንጋይ ነበረኝ። ቲፎዞዎቹ ለምደውኝ "የእህታችን ወንበር" እያሉ ይተዉልኝ ነበር። አልጮህም፣ ብዙም አላጨበጭብም። ጨዋታውን ግን እከታተላለሁ።

የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ከተጀመረ ወዲህ ቡድኑ ውስጥ መኖር የኳስ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ። ፋብሪካው የቡድኑን ልጆች "ለእኛ ይፈለጋሉ" ብሎ ለቀበሌው ያስታውቅላቸው ስለነበር የሚነካቸው አልነበረም። ከቡድኑ የወጣ ወጣት ግን ብዙም ሳይቆይ ቀበሌ ይጠራል። ቡድኑ ደግሞ ከተወሰነ ሰው በላይ አይዝም። ሦስት ከመጡ ሦስት ይወጣሉ። ይህን በየቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሜዳ ላይ አንስቶ የሚያወራው ግን የለም።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ ሦስት አዲስ ልጆች መጡ። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሊያያቸው ወጣ። አንደኛው በረኛ ነው፤ ቁመቱ አንገት ያሳምማል።

"ይሄ በረኛ ነው ወይስ የመብራት እንጨት?" አለ ከኋላዬ የቆመ ቲፎዞ።

"ኧረ የመብራት እንጨትስ ኳስ ሲመታው ይመልሳል" አለው ጓደኛው።

ሁለተኛው አማካይ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው ብሏል ተባለ።

"ሃያ ሦስት የግራ እግሩ ይሆናል። የቀኙ አርባ ሞልቶታል።"

ሦስተኛው የድሬዳዋ ልጅ ነበር። በሹራብ ላይ ሹራብ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። አሰልጣኙ አዲስ የመጣን ሁሉ በጫካው ውስጥ ለውስጥ እስከ እንጦጦ ማርያም አስሩጦ የመመለስ ልማድ ነበረው። ሌሎቹ ተመልሰው ውሃ ጠጥተው ከተቀመጡ በኋላ ይህ ልጅ በወንድሜ ትከሻ ተደግፎ ከዛፎቹ መሀል ብቅ አለ። ሜዳው ላይ ተዘረረና ሰማይ ሰማይ እያየ፦

"አቦ፣ እዚህ አገር አየርም በቀበሌ ነው እንዴ የሚታደለው?" አለ።

ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያው ሁሉም ማን አጠገቡ እንዳለ ለማየት ዞር ዞር አለ።

ትንፋሹ ሲመለስለት ኳስ ሰጡት። በግራ መስመር ሄደ። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን ቆሞ ጠበቀውና አለፈው። ያሻማት ኳስ አጥቂው ግንባር ላይ ስታርፍ የመብራት እንጨቱ ገና እጁን አላነሳም ነበር። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ቀልዱን ተዉት። እኔ ወንድሜን አየሁት። ጫማውን እየፈታ ነበር፤ ልምምዱ ግን ገና አላለቀም።

ቡድኑ ማደሪያ ስላልነበረው ከክፍለ ሀገር የመጡ ተጫዋቾች በደጋፊዎች ቤት ይመደቡ ነበር። የአባቴ ክፍል ባዶ መሆኑ ስለሚታወቅ የድሬዳዋው ልጅ ለእኛ ደረሰን። ወንድሜ እናቴን ወደ ጓዳ ጠርቶ "እኔ በምጫወትበት የሚጫወት ሰው እኮ ነው" አላት።

"እንግዳ ነው" አለችው። "ኳሳችሁን እዚያው ሜዳችሁ ጨርሱ።"

የድሬዳዋ ሰው ሽማግሌውንም አሮጊቱንም አንተ አንቺ ነው የሚለው። ልጁ በመጀመሪያው ቀን "እማ፣ አንቺ ቁጭ በይ፣ ውሃውን እኔ አመጣዋለሁ" አላት። በዚያን ጊዜ ከእኛ በቀር እናቴን አንቺ የሚላት ሰው አልቀረም ነበር። ደንገጥ አለችና "ይሁን፣ ያገሩ ነው" አለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሌላው ሰው እርስዎ ሲላት ቅር የሚላት ይመስለኝ ጀመር።

ልጁ እስላም ስለሆነ የእኛን ሥጋ አይበላም። እናቴ እንግዳ ሽሮ እየበላ እኛ በሥጋ ወጥ ብንበላ ነውር ነው ብላ ሥጋ ከቤታችን አስቀረች። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ደግሞ እስላም ነበረች፤ ደጇ ላይ ትንሽ ሱቅ አላት። ትልቁ ልጇ የቡድኑ የግራ ተከላካይ ነው። ከወንድሜ ጋር አብረው አድገው በአንድ መስመር አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ነበር የሚጫወቱት። እንግዳችን ሽሮ ብቻ እንደሚበላ ስትሰማ "ወላሂ ነውር ነው፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ!" አለችና ራት ራት ትጠራው ጀመር። ስለዚህ እንግዳው ከእኛ ሽሮውን፣ ከእሷ ሥጋውን ይበላል። ለወንድሜ ሽሮው ብቻ ቀረለት።

ከብዙ ሳምንት በኋላ ልጁ እኔን ለብቻዬ አግኝቶ "የእናንተ ጾም መቼ ነው የሚያልቀው?" አለኝ።

"ጾም አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ባንተ ምክንያት ነው" አልኩት።

እስኪደክመው ሳቀ። ቀጥሎ ደጅ የተቀመጠውን ወንድሜን አየና ሳቁን አቆመ። ወደ እናቴ ሄዶ "እማ፣ በአላህ ይዤሻለሁ ሥጋሽን ሥሪ። ይሄ ልጅ ከሳብኝ" አላት።

"እንግዳ እያየ አይበላም" አለችው።

"ፊቴን አዞራለሁ አቦ!"

"ፊቱን ላዞረ እንግዳማ ይባስ አይበላም።"

ለምኖ ለምኖ እሺ አሰኛት። እሺ ባለች በማግስቱ የነቢያት ጾም ገባ።

ታኅሣሥ ላይ ልጁ አየሩን ለምዶት እንጦጦን ከማንም ቀድሞ ወጥቶ ይመለስ ነበር። ወንድሜ ከተቀያሪዎቹ ጋር መቀመጥ ጀመረ። ከሦስቱ ወጪዎች ሁለቱ አስቀድመው ታወቁ። ሁለቱም ዕድሜያቸው ስለገፋ ለውትድርና የሚፈልጋቸው አልነበረም፤ ወደ ሳሙና ሥራው ገቡ። ሦስተኛው ከጥምቀት በኋላ ይነገራል ተባለ። እናቴ የሆነ ነገር ሰምታ ይሆናል፣ አታነሳውም። ስዕለት መግባቷን ግን አውቄያለሁ፤ ማለዳ ማለዳ ያንን ሁሉ ዳገት ወደ ማርያም መውጣት ጀምራ ነበር።

አንድ እሑድ ከጨዋታ ስንመለስ ወንድሜ ኮረኮንቹ ላይ ቆመና "አንቺ አትዋሺኝም። ማን ይሻላል?" አለኝ።

"እሱ ይሻላል" አልኩት።

"በብዙ?"

"በብዙ።"

ራሱን ነቀነቀ። ቦርሳውን በሌላው ትከሻው አንግቦ መንገዱን ቀጠለ። ምን ልለው እችል ነበር? ሜዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አይቶታል።

በማግስቱ ጠዋት ምን እንደታየው አላውቅም፣ እንግዳው ገና ቁርስ ላይ ሳለን ነገሩን አፍረጠረጠው። "ስማኝ፣ እኔ ወደኋላ መመለስ አልወድም፤ አሰልጣኙም እኔ ላይ የሚጮኸው በዚሁ ነው። አንተ ትንፋሽ አለህ። ና ከኋላዬ ተጫወት። እኔ ልሂድ፣ አንተ ጠብቅልኝ።"

"እዚያ ሰው አለ" አለ ወንድሜ።

"ይኑራ። ሞክርና አሰልጣኙ ይምረጥ።"

እናቴ ዳቦ እየቆረሰች ነበር። እጇ ለትንሽ ጊዜ ቆመ፤ ኋላ ቀጠለች። ከኋላ በግራ ያለው ሰው ማን እንደሆነ እሷም ታውቃለች። ወንድሜ ወደ እኔ አየ። የጠየቀኝ ነገር ስላልነበረ የመለስኩለትም የለም።

በዚያው ሳምንት ሞከረ። የጎረቤታችን ልጅ ጥሩ ተከላካይ ነበር፤ ኳስ ከመድረሷ በፊት የት እንደምታርፍ ያውቃል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ወንድሜ እሱ የሚያውቀውን አያውቅም፣ ግን ይሮጣል። አሰልጣኙ ሩጫ ይወዳል። ከጥምቀት በኋላ ሦስተኛው ወጪ የጎረቤታችን ልጅ መሆኑ ተነገረ። ቀበሌ የጠራው የካቲት ሳይገባ ነው።

በሚሄዱበት ጠዋት ከቀበሌው በላይ እስካለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ ድረስ ሸኘነው። የጭነት መኪናው ሞተሩ ተነስቶ ቆሟል፤ እናቶች በአጥሩ ሥር ተደርድረዋል። ሻንጣውን የያዘለት ወንድሜ ነበር። ሁለቱ እንደ ወትሯቸው ጎን ለጎን ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ስሙ ሲጠራ ሻንጣውን ተቀበለውና፦

"እሑድ የምትገጥሟቸው፣ ያ ቀኝ ክንፋቸው ወደ ውስጥ ይገባል። ተከትለኸው እንዳትገባ፤ ቦታህ ላይ ቁም" አለው።

"እሺ" አለ ወንድሜ።

"ይጮሁብሃል፤ አትስማቸው።"

እናቱ አላለቀሰችም። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ "ሱቁን ሰው ሳላስይዝ መጣሁ" አለችና ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። እናቴ ተከተለቻት። ሲመሽ ከሥራ ስመለስ ሁለቱ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሚገዛ ሰው ሲመጣ ሳሙናውንም ክብሪቱንም አንስታ የምትሰጠው እናቴ ነበረች።

እንግዳችን ከዚያ ቀን በኋላ ራት መሄዱን ተወ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን በራችን ላይ መጥታ ቆመች። "ምግቤ ምን አደረገህ?" አለችው። "ተነስ። ወጡ ቀዝቅዟል" አለችው። ተነስቶ ተከተላት። ተመልሶ ሲመጣ ቀጥ ብሎ ገብቶ ተኛ።

እሑድ ጨዋታው ነበር። ቀኝ ክንፉ እንደተባለው ወደ ውስጥ ገባ፤ ቲፎዞው "ተከተለው! ተከተለው!" እያለ ጮኸ፤ ወንድሜ ከቦታው አልተነቃነቀም። አሸነፍን። ግቧን ያገባት እንግዳችን ነው። ሰዎች ከፍ አድርገው በትከሻቸው ተሸከሙት፣ ለአዲሶቹ ልጆች ተዘፈነ፤ የመብራት እንጨቱ ሳይቀር ተመሰገነ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ጨዋታው ጥሩ ነበር። ወደ ቤት ስሄድ በሱቁ ፊት ማለፍ ስለነበረብኝ በላይኛው መንገድ ዞሬ ሄድኩ።

የድሬዳዋውን ልጅ በሁለተኛው ዓመት ትልቅ ቡድን ወሰደው። ሲሰናበት እናቴን ግንባሯን ስሞ "እማ፣ አሁን ሥጋሽን ብዪ" አላት። ወንድሜ ቡድኑ እስኪፈርስ ድረስ ከኋላ በግራ ተጫወተ። ሌሎች አዲሶች መጡ፣ ሌሎች ወጡ፤ ከዚያ በኋላ የመጡትን በቅጡ አላስታውሳቸውም። ሜዳ መሄዴንም ቀስ በቀስ ተውኩት። ደስታውን ጠልቼው አይደለም። አንድ ልጅ ጥሩ ሲጫወት ባየሁ ቁጥር በእሱ መምጣት የሚጎድለው የማን እናት ቤት እንደሆነ ማሰብ አድክሞኝ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ የተመለሰው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ከሰሜን እስከ አዲስ አበባ አብዛኛውን በእግሩ ነበር የመጣው። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ጢሙን አሳድጎ ስለነበር በራችን ላይ ቆሞ ሰላም ሲለኝ ድምፁን ሰምቼ ነው የለየሁት። ወንድሜ ዘሎ ተነሳና ተቃቀፉ። ተቀመጡ። የጎረቤታችን ልጅ የሰጠሁትን ውሃ ጠጥቶ ሲጨርስ፦

"ቡድኑስ?" አለ።

"ፈረሰ እኮ" አለው ወንድሜ።

"መጨረሻ ላይ ከኋላ በግራ ማን ነበር?"

"እኔ።"

"እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው።"

መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያቸው ነበር። "ጥሩ ነው" አለ። "ሌላ ሰው ቢይዘው ይቆጨኝ ነበር።"

ይህን ከልቡ ይበለው ወይም በይሉኝታ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ወንድሜም እንደማያውቅ ይገባኛል፤ በዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። እናቱ ከአጥሩ ወዲያ ስትጣራ ሰማና ተነስቶ ሄደ።