እትዬ ጸጥታ የሰሙት

መጋቢት አሥራ ሰባት ቀን ነበር እላለሁ። ማክሰኞ። ግን ሚያዝያ ስምንትም የዋለው ማክሰኞ ነው፤ ስለዚህ የሳምንቱን ቀን ማስታወሴ ምንም አልጠቀመኝም። ዝናብ ነበር? በሁለቱም ቀን ዘንቧል። የለበስኩት ጃኬት? ያኔ የነበረኝ ጃኬት አንድ ብቻ ነው። እርግጠኛ የሆንኩት ያየሁትን ነገር ነው። እትዬ ጸጥታ ጠባቧ ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ ከሻሻቸው ሥር ጥቂት ፀጉር አውጥተው፣ ጆሯቸው አጠገብ በሁለት ጣት ሲያሹ በበሩ መስተዋት አይቻለሁ። በሁለቱ ማክሰኞዎች መካከል ሦስት ሳምንት አለ። የወንድሜ ሳንባ ደግሞ በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው የባሰበት።

እትዬ ጸጥታ በዘፈን ሸክላ ማተሚያ ፋብሪካ ውስጥ ሰሚ ነበሩ። ሥራቸው ይኸው ነው፣ መስማት። ሸክላው በብዛት ከመታተሙ በፊት የሚወጡትን ናሙናዎች ከዳር እስከ ዳር ያዳምጡና «ይታተም» ወይም «አይታተም» ይላሉ። ስሙን ያወጡላቸው የማሽን ክፍል ሰዎች ናቸው፤ በራቸውን በከፈቱ ቁጥር «ጸጥታ» ስለሚሉ። አዲስ የተቀጠረ ሰው ግን ስሙን ሲሰማ ከጸጥታ ክፍል የተላኩ እየመሰለው ወሬውን ያቋርጥና ኮቱን ይቆልፍ ነበር። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ አንዳንዴ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው በማሽኖቹ መሃል ያልፋሉ።

ወደ ሰሚነት የመጡት ከማሸጊያ ክፍል ነው። ሸክላ በሽፋኑ ውስጥ ሲከቱ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን ከአለቃው ቢሮ ዘፈን ሰሙና «ይሄ ሸክላ ያነክሳል» አሉ። ተሳቀባቸው። ሲለካ ግን መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ በአንድ ክር ስፋት ስቶ ተገኘ። ሸክላው በዞረ ቁጥር አንድ ጎኑ ቀረብ፣ አንድ ጎኑ ራቅ እያለ ድምፁን ያወዛውዘው ኖሯል። ከዚያ በኋላ ወደ ማሸጊያ አልመለሷቸውም።

ክፍላቸው በርዝመቱ አራት፣ በጎኑ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ግድግዳው አሮጌ ብርድ ልብስ ለብሷል። የወንበሩ እግሮች ስፖንጅ ተጫምተዋል። ሰዓት ነበረ፤ ቀጭ ቀጭ ሲል አስወጡት። የሚጽፉትም በእርሳስ ነው፣ ስክሪብቶ ጠቅ ይላል ብለው። ጠረጴዛው ላይ ማጫወቻው፣ የመርፌ ሳጥኑ፣ ነጭ የጥጥ ጓንትና አንድ ባለ መስመር ደብተር ይቀመጣሉ። ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ የሸክላውን ቁጥርና የሰሙትን ሁሉ ያሰፍራሉ። ሁሉን።

እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ፓንክ ሮክ የሚባለውን የጩኸት ሙዚቃ ይጫወታል፤ ግጥሙን የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ወንድሜን በድምፁ ምክንያት ቁራው ይሉታል። የመጀመሪያ ሸክላቸውን ለማሳተም ወደ ፋብሪካው የምላከው እኔ ነበርኩ፤ ከመካከላችን ንጹሕ ሸሚዝ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ።

መጋቢት አሥራ ሰባት የመጀመሪያውን ናሙና የማሽኑ ኦፕሬተር፣ ክንዱን እንፋሎት የለበለበው ቀልደኛ ሰው፣ ራሱ እስከ በራቸው ይዞት መጣ።

«እትዬ፣ የዚህን ብልሽት እንዴት አድርገው ነው የሚለዩት? ዘፈኑ ራሱ ብልሽት ነው።»

«የልጆቹን ጩኸት አልነካም። እኔ የምፈልገው ያንተን ጩኸት ነው» አሉት።

«የኔንማ ሚስቴን ይጠይቁ።»

«ጠይቄያታለሁ። አይታተም ብላለች።»

እየሳቀ ሄደ። በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲወጡ ግን ቅድም የቀለዱት ሴትዮ አልነበሩም። ወደኔም አላዩም።

«ከሦስተኛው ዘፈን ጀምሮ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ» አሉ ለኦፕሬተሩ። «የማተሚያው ሰሃን ይጠረግና ሌላ አውጣልኝ።»

በሳምንቱ ሌላ ወጣ። እሱም ያው ሆነ። ኦፕሬተሩ ተናደደ።

«ሰሃኑ ንጹሕ ነው እኮ፣ እትዬ። ፊቴን አይቼበታለሁ።»

ከዚህ የተሻለ የቀልድ በር ማንም አይከፍትላቸውም ነበር። እሳቸው ግን አልገቡበትም። ከዚያ «አንድ ጊዜ ብቻ» አሉት፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ልመና። ኦፕሬተሩም ደንገጥ ብሎ ሸክላውን ተቀበላቸው።

ቤት ውስጥ ወንድሜ ይስላል። ሲጮህ የሚውል ሰው ቢስል ማን ይገርመዋል? የሚለማመዱት እርጥበት ያለው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ሲጋራም ያጨሳል። የሸክላውን መዘግየት ስነግረው ሳቀብኝ። «ሴትዮዋ ወደውን ነው። በነጻ እየደጋገሙ ሊሰሙን ነው።» ከዚያ ሳለ። ሸሚዙ ትከሻው ላይ እንደ መስቀያ መንጠልጠሉን ያኔ አይቻለሁ። አይቼ ግን ስለ ግጥሙ ነው ያወራሁት።

ሦስተኛው ናሙና የወጣ ቀን፣ ሚያዝያ ስምንት፣ ኮሪደሩ ላይ ከቆምኩ በኋላ፣ በሩን ከፍተው ጠሩኝ። ወደዚያ ክፍል ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጫማህን አውልቅ። ተቀመጥ። የሚጮኸው ማነው?»

«ታናሽ ወንድሜ ነው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ አንድ።»

መርፌውን በብሩሽ ጠረጉ። ንጹሕ ነበር፤ እንደገና ጠረጉት።

«ስማኝ፣ ልጄ። የሸክላ ጭረት እንደ ቤት አከራይ ነው፣ ቀኑን አይስትም። ሸክላው አንድ በዞረ ቁጥር መጥቶ ቀጭ ይላል። ይሄኛው ግን ዙሩን አይጠብቅም። እስቲ ራስህ ቁጠር።»

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝና መርፌውን ሦስተኛው ዘፈን ላይ አስቀመጡት። ወንድሜ ጮኸ። የጻፍኩለትን ቃል አንድ በአንድ ሰማሁ። በሁለት ጩኸት መሃል፣ ከበሮው እንኳ ዝም በሚልበት ቅንጣት ጊዜ፣ አየር ሲስብ ይሰማል። በዚያች ቅንጣት ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ሁለት ዙር ምንም የለም። ቀጥሎ በአንዱ ዙር ሁለት ጊዜ መጣ። አየር በሳበ ቁጥር፣ በሳበ ቁጥር ብቻ።

«ፀጉር ጆሮ ሥር ሲታሽ እንደዚህ ይላል» አሉ ማዳመጫውን ሳወርድ። «ባለቤቴ እንጨት መሰንጠቂያ ነበር የሚሠራው። ደረቱ ሁለት ክረምት እንደዚህ ሲል ከጎኑ ተኝቼ ሰምቻለሁ። አቧራ ነው እያልን ተውነው።»

እርሳሳቸውን አንስተው ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፉ።

«ሸክላው ደህና ነው። ሦስቱም ደህና ናቸው። ልጁን ሐኪም ቤት ውሰደው። ለነገ እንዳትል።»

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የቆሙት ሰዎች ሁሉ ይተነፍሱ ነበር። ከዚያ በፊት ሰው ሲተነፍስ ሰምቼ አላውቅም ማለት ይቻላል።

ወንድሜ ስነግረው «የሸክላ ሐኪም አመጣህልኝ?» ብሎ ረጅም ሳቅ ሳቀ። የሳቁ መጨረሻ ላይ አየር ሲስብ፣ ያለ ማዳመጫ፣ ሰማሁት። ፊቴን አየና ሳቁ ጠፋ። ኮቱን አነሳ።

ሐኪሙ ጀርባውን ደጋግሞ አዳመጠ። ራጁን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ብዙ ቆየ። ወንድሜ ልብሱን ሊለብስ ሲወጣ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር» አለኝ።

«ምን ያህል ቀደም?»

«ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። ቁስሉ እንዲህ ሳይሰፋ።»

ወንድሜ አልሞተም። የአንዱን ሳንባ እኩሌታ አወጡለት። ሸክላው ወጣ፤ የገዙት ሁሉ ጥራቱን አደነቁ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ጮኾ አያውቅም። ዛሬ ቁልፍ ይቀርጻል፤ ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀው በጣቱ ያሳያል። ስልክ ሲደውልልኝ የሚናገረውን ትቼ በቃላቱ መሃል ያለውን ነው የማዳምጠው። «አለህ?» ይለኛል። አለሁ። እየሰማሁ ነው።

«ሦስቱም ደህና ናቸው» ያሉኝ ነገር ከአእምሮዬ የወጣው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። የመጀመሪያውም ደህና ከነበረ፣ ያን ቀን ምን ሰሙ? ፀጉራቸውን ሲያሹ ያየሁት መጋቢት ላይ ከሆነ አውቀዋል ማለት ነው። አውቀው፣ ሰሃኑ ይጠረግ እያሉ፣ ከማሽኑ ቢሆን ብለው እየተመኙ ሦስት ሳምንት አሳለፉ። ሚያዝያ ላይ ከሆነ ደግሞ ያን ቀን ገና ነው የገባቸው፤ እኔም እስከ ዛሬ የማማው የወንድሜን ነፍስ ያተረፉትን ሴት ነው። ኦፕሬተሩ አንድ ጊዜ የነገረኝ ነገር ለሁለቱም ይሆናል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በሠራተኛው ሰርቪስ ከሾፌሩ ጎን፣ ሞተሩ ከተከደነበት አጠገብ እንጂ ሌላ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም፤ የሰው ትንፋሽ ላለመስማት።

ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ፋብሪካው ሊዘጋ መሆኑን ሰማሁና በመጨረሻው ቀን በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ይዘው ይወጣሉ። እትዬ ጸጥታ አርጅተዋል። ሁለት ፌስታል ሙሉ ደብተር ይዘዋል። ወዲያው አወቁኝ።

«ወንድምህስ?»

«አለ። ይተነፍሳል።»

«እሱን ነው የጠየቅኩህ» አሉ።

በአንደኛው ፌስታል አፍ የደብተሮቹ ጀርባ ይታያል፤ በእርሳስ የተጻፈ ዓመተ ምሕረት። አንዱን ስቦ መጋቢት ላይ መግለጥ ነው። «መጋቢት ላይ ያውቁ ነበር?» የሚለውን መንገድ ላይ ደጋግሜ ተለማምጄው ነበር። አዎ ቢሉኝ መልሱን ይዤ የት እሄዳለሁ?

«ደብተሮቹን ይወስዷቸዋል?» አልኩ በምትኩ።

«ሌላ ማን ይፈልጋቸዋል?»

ትንሽ አዩኝ። የሻሻቸውን ጠርዝ አስተካከሉ። ሰርቪሱ ጥሩምባውን ነፋ፤ ኦፕሬተሩም ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ይፍጠኑ፣ ነገ የሚወስደን የለም» አለ። ፌስታሎቹን አንስተው ሰርቪሱ ላይ ወጡ። ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡና ደብተሮቹን ጭናቸው ላይ አደረጓቸው።

ያኔ ጠራኋቸው። ሞተሩ ተነስቶ ነበርና አልዞሩም።