ከቃሬዛው ፊት የምትሄደው ሐረገወይን

እኔ ሰው ቶሎ የማደንቅ አይደለሁም። እናቴ «ስንዱ ለመላእክትም እንከን ታወጣለች» ትለኛለች፤ አልዋሸችም። ሲስተር ሐረገወይን አድማሴን ግን ካወቅኋት ጀምሮ እንከን ስፈልግላት ኖሬ፣ ያገኘሁባት ሽሮ ማሳረሯን ብቻ ነው።

ሐረገወይን ጎንደር ቀሐ ተወልዳ፣ ነርስነቱንም እዚያው ጎንደር ተምራ፣ በ1955 ዓ.ም. ወደ እኛ ወደ ወገራ ደጋ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሆና መጣች። እኔ ቁስል የማጥብና መርፌ የምቀቅል ድሬሰር ነበርሁ። የማኪናው መንገድ ከእኛ ሩቅ ነውና በበቅሎ ደረሰች። በመጀመሪያው ሰሞን የአገሩ ሽማግሌ ሁሉ ብቅ እያለ «ኃላፊው መቼ ይመጣል?» ይላታል። እሷም ሳትቆጣ «መጥቻለሁ፤ ይግቡ» ትላለች።

ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ወንበር ነበረች። ሽማግሌ ሲመጣ እኔ ተነሥቼ እለቅለት ነበር። አንድ ቀን ይህን አየችና ለብቻችን ስንሆን «ለሽማግሌ አግዳሚው ላይ ሸጋ አድርገሽ አንጥፊለት፤ ይቺን ወንበር ግን አትልቀቂ። አንቺ ከተነሣሽ በሽተኛው የሚያክመው ማን እንደሆነ ግራ ይገባዋል» አለችኝ። ደግሞ «ቤት ውስጥ ሐረግ በይኝ፤ ሰው ፊት ግን ሲስተር በይኝ። ክብር ጠምቶኝ አይደለም፤ ነገ አንቺንም እንዲሉሽ ነው» አለች። ኩራት መስሎኝ በሆዴ ሳቅሁባት።

ነሐሴ ላይ አዛለች የምትባል ልጅ እግር ሴት በመጀመሪያ ምጧ ተያዘች። ቤቷ ሁለት ቀን አምጣ ሲብስባት ባሏ ስማቸው ወደ ጤና ጣቢያው አመጣት። ሐረገወይን ሆዷን በእጇ ዳሰሰችና ለስማቸው አንድም ሳትደብቅ ነገረችው፦ «ልጁ አግድም ተኝቷል፤ እዚህ አይወለድም። ዛሬ ጎንደር ሆስፒታል ካልገባች ሁለቱንም ታጣቸዋለህ።»

ወዲያው ቃሬዛ ተዘጋጀ። በእኛ አገር ከቃሬዛ ፊት በትር ይዞ የሚሄድ አንድ ሰው አለ። መንገድ የሚመርጥ፣ ትከሻ የሚያስቀይር፣ መንገደኛውን እየጠራ የሚያሸክም እሱ ነው። ያም አያ ማሩ ነበር፤ የአዛለች አጎት። ሴቶች ከኋላ እያለቀስን እንከተላለን። ሴት የቀደመችው ቃሬዛ ሬሳ ይዞ ይገባል ይባላል። ደግሞ በሽተኛ ተይዞ ቤተ ክርስቲያን ዝም ብሎ አይታለፍም፤ ከደጁ አውርዶ ማሳለም ደንብ ነው። ስለዚህ አያ ማሩ ሁልጊዜ የሚመርጠው በሦስት አድባራት ዞሮ የሚሄደውን የሽቅብ መንገድ ነው።

«አያ ማሩ፣ በወንዙ እንውረድ፤ በዚያኛው መንገድ ይመሽብናል» አለችው ሐረገወይን።

«ሳናሳልማት? ምነው ልጄ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አላት። ወንዶቹ ሳቁ። እኔ ብሆን እዚያው አፌን ከፍቼ አገር እሰበስብ ነበር።

እሷ ግን የአዛለችን እህት ጠርታ «ሮጠሽ ለመምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ ንገሪያቸው። መስቀሉንና ጸበሉን ይዘው ወንዙ መውረጃ ላይ ይጠብቁን» ብላ ላከቻት። ወደ አያ ማሩም ዞራ «በረከቱን አላስቀረሁባትም፤ እኛ ባንሄድ እሱ ወደ መንገዳችን ይመጣል» አለችው። ከዚያ ከግድግዳው ጥግ አንድ በትር አንሥታ በወንዙ መንገድ መሄድ ጀመረች።

ማንም ቃሬዛውን አላነሣም። ሁሉም አያ ማሩን ያያል። እኔ ግን የማየው የሐረገወይንን ጉልበት ነበር፤ ከነጩ ቀሚሷ ሥር ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አየሁ። እየተንቀጠቀጠች ትሄዳለች። አንድ ጊዜም ዞራ አላየችም። ብቻዋን ወርዳ ወንዙ ዳር የምትቀር መሰለኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ቃል ያልወጣት አዛለች ከቃሬዛው ላይ «አያ፣ የምሞተው እኔ ነኝ። እሷን ተከተሉ» አለች።

አያ ማሩ በትሩን ከሴቶቹ መካከል ለቆመችው ለስማቸው እናት ሰጠና ያን ያረጀ ትከሻውን ከፊተኛው አጣና ሥር አስገባ። ቃሬዛው ተነሣ።

መውረጃው ላይ መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ ዝናብ እየወረደባቸው መስቀል ይዘው ቆመው ነበር። ቃሬዛው ሳይወርድ አሳለሟት፣ ጸበሉንም ረጯት። ወንዙ ሞልቷል። ሐረገወይን አስቀድማ ገብታ በበትሩ እየለካች «በግራ! ቀስ! ትከሻ ቀይሩ!» ትላለች፤ ያ የሳቀባት ጎረምሳ ሁሉ እንዳለችው ያደርጋል። ወንዝ የታዘዘላት ሴት ያየሁ መሰለኝ፤ ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ይወርረኛል። ማኪና መንገዱ ላይ ስንደርስ መሀሉ ላይ ቆማ የጭነት ማኪና አስቆመች። አዛለች ተረፈች፤ ሴት ልጇም ተረፈች።

ስንመለስ «ጉልበትሽ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ እንዴት ሄድሽ?» አልኋት።

«እየተንቀጠቀጠ ነዋ። እስኪጸና ብጠብቀው አዛለች ትሞት ነበር።»

«ዞረሽስ ያላየሽ?»

«ብዞር ፈቃድ የምጠይቅ ይመስላቸዋል። ደግሞ አያ ማሩን ሰው ፊት ረታችው እንዳይባል ፈራሁ፤ ነገም የሚሸከምልኝ እሱ ነው» አለችኝና ሽሮዋን ልታሳርር ገባች።

ከዚያ ወዲህ ቃሬዛ በተነሣ ቁጥር ከፊት እሷ ሆነች። አያ ማሩን ጎረምሶቹ «ከፊት የወጣ ጆሮን በኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው» እያሉ ሲያበሽቁት «ቀንዱስ የኛው አይደል?» ይላል።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ራሷ ታመመች። ሆዷን ዳስሳ «ትርፍ አንጀቴ ነው፤ ወደ ጎንደር ውሰዱኝ» አለች። ዛሬ ድናለች፤ ሽሮውም እንደ ድሮው ያርራል። ያን ቀን ግን ማን ያውቅ ነበር። ቃሬዛው ላይ ተኝታለች፤ እኔ ከራስጌዋ ቆሜ እጇን ይዤ አለቅሳለሁ። ተሸካሚዎቹ ከበዋት ቆመዋል፤ የሚያነሣ ግን የለም።

አያ ማሩ በትሩን ወደ እኔ ዘረጋ። «ምነው ልጄ፣ ቆመን ቀረን እኮ» አለኝ።

«አንቱ ቅደሙ አያ፤ እኔ እጇን ልያዝላት» አልሁት።

ሐረገወይን ዓይኗን ገለጠች። «ሲስተር ስንዱ» አለችኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሲስተር አልነበርሁም፤ ድሬሰር ነበርሁ። «እጄን ልቀቂና መንገዱን ያዢ።»

ለቀቅኋት። በትሩን ተቀብዬ በወንዙ መንገድ መሄድ ጀመርሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ዞሬ ላያት ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። አልዞርሁም። ከኋላዬ አያ ማሩ «አንሡ» ሲል ሰማሁ።