እናቷ ያወጣችላት ስም

በደርግ ጊዜ ላሊበላ ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ የታሪክና የአማርኛ መምህሮቹ የማይለዩኝ ባልንጀሮቼ ነበሩ። ሦስታችን ከተከራከርን የሚያስቆመን አልነበረም፤ ዳይሬክተራችን እንኳ ሲሰለቸው ስብሰባውን በትኖ ይወጣ ነበር። ጠመኔ እየተሰባበረ ነበር የሚታደለን። ቢሆንም ያ ጊዜ ዛሬም ይናፍቀኛል።

አንድ ዓመት የታሪክ መምህሩ በመማሪያ መጽሐፉ ተናደደ። ባርነት የተባለው ሁሉ የባሕር ማዶ ነገር ነው፤ ሮም፣ መርከብ፣ የጥጥ እርሻ። እኛ ግን ተማሪዎቻችን በተጣሉ ቁጥር አንዱ ሌላውን «ባሪያ» ሲለው እንሰማለን። ስለዚህ ትምህርቱን ለሦስት ተካፈልነው። እኔ ሲራራ ነጋዴዎች ሰው እየነዱ ያለፉባቸውን መንገዶች በካርታ ላሳይ፣ እሱ ባርነትን የከለከለውን አዋጅ ሊያስረዳ፣ የአማርኛ መምህሩ ደግሞ ለባሪያ ይወጣ የነበረውን ስም ሊያስተምር። የአማርኛው መምህር ስሙ ይቅርብን አለ። ስለ ቃል ሲያወራ የማይጠግብ ሰው ነበርና ገረመን።

ለመዘጋጀት ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ቤት ተሰበሰብን፤ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር። እናቱ የገብስ ቆሎ አቅርበውልን ወደ ጓዳ ገቡ። የታሪክ መምህሩ ከአንድ ሽማግሌ የሰማውን ያጫውተን ጀመር። የባሪያ ስም ግማሽ ምርቃት ነው፤ ጌታው ግማሹን ብሎ ሲጠራ፣ ባሪያው ቀሪውን ሞልቶ ይመልሳል። ቀልድ ይወድ ስለነበር እንደ ባላባት ደረቱን ነፍቶ ተጣራ።

«ዕድሜ ይስጠው!»

«ለጌታዬ» አሉ እናቱ ከጓዳ።

ማናችንም አልሳቅንም። ሳያስቡት ነበር ያመለጣቸው፤ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ብቅ አሉ። ልጃቸው አንገቱን ደፋ። በዚያ ሳምንት ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ የልጅቱ ቤተሰቦች ደግሞ አጥንት ቆጣሪዎች ናቸው። ይህ ከተሰማ እሷን አያገኛትም። የታሪክ መምህሩ፣ ትምህርቱም ይቅር፣ ነገሩም ከዚህ ቤት አይወጣም አለ።

እናቱ ግን አጠገባችን ቁጭ አሉ። ከጣልያን በፊት፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ከእናታቸው ነጥለው ለባላባት ቤት እንደሸጧቸው ነገሩን።

«አስተምሩት ልጆቼ» አሉ። «ግን በዚያ ስም ብቻ አትተዉኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም አለኝ።»

ስሙንም ነገሩን። እኛ «እማማ» ነበር የምንላቸው፤ ልጃቸውም ከክርስትና ስማቸው በቀር ሌላ አያውቅም ነበር።

ሰኞ ሦስታችንም ክፍል ገባን። ካርታዬን ሰቀልኩ፣ አዋጁም ተነበበ። ከዚያ የአማርኛ መምህሩ ተነሥቶ፣ በግማሽ ምርቃት ስትጠራ የኖረችው እናቴ ናት አለ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ፤ በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ እንቢታ ይዘው ተመለሱ። የልጅቱን ቤተሰቦች ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በዚያ ሰኞ ግን የአማርኛ መምህሩ ቁራጭ ጠመኔ አንሥቶ፣ የእማማ እናት ያወጣችላቸውን ስም ሰሌዳው መሀል በትልቁ ጻፈው። ደወል ሲደወል የክፍሉ አለቃ ሰሌዳውን ሳያጠፋ ተቀመጠ። ቀጥሎ የገባው የሒሳብ መምህር እያጉረመረመ ዳስተሩን አነሣ።

«መምህር፣ የእማማ ስም ነው» አለችው አንዲት ተማሪ።

ዳስተሩን መልሶ አስቀመጠ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ጎንበስ ብሎ፣ ከስሙ በታች በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ ሒሳቡን ሠራ።