አባቴ የሠራው በረዶ

ባለፈው ሳምንት ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ካሉበት ሰፈር፣ አንድ ሱቅ ሥጋ ልገዛ ገብቼ፣ ባለሱቁ የትልቁን ፍሪዘር በር ሲከፍተው ብረት ብረት የሚል እርጥብ ቅዝቃዜ ፊቴን መታኝና ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ፤ የአባቴ ጃኬት ሽታ ነበር።

አባቴ ቫን ናይስ፣ ከአፓርታማችን ብዙም በማይርቅ፣ ተጫዋቾች በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ ሆኪ በሚጫወቱበት አዳራሽ ውስጥ፣ በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና ይነዳ ነበር። ውጭ አስፋልቱ በፀሐይ ሲግል እሱ ሹራብና ወፍራም ጃኬት ለብሶ ሥራ ይሄዳል። እሁድ እሁድ ፌርፋክስ ምሳ ስንበላ ታክሲ የሚነዱት ጓደኞቹ "በረዶው እንዴት አደረ?" እያሉ ይቀልዱበታል፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል። እኔ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩና አፍር ነበር፤ ትምህርት ቤት ለጠየቀኝ ሁሉ አባቴ ታክሲ ድራይቭ ያደርጋል እል ነበር።

አንድ የበጋ ቅዳሜ፣ ጡረታ የወጡ ስመ ጥር የሆኪ ተጫዋቾች ለታመሙ ሕፃናት እርዳታ ለማሰባሰብ ከከተማ ከተማ እየዞሩ እኛ ሰፈር ደረሱ። የሜዳውን በረዶ የሚያረጋው ማቀዝቀዣ ግን በዋዜማው ተበላሽቶ ጠዋት እስኪጠገን የሜዳው ግማሽ ኩሬ ሆኖ ነበር። ማናጀሩ ካንስል እናድርገው ሲል አባቴ "እስከ ጨዋታው ሰዓት ተወኝ" አለው። እናቴና እኔ ምሳ ይዘንለት ስንደርስ፣ ኩሬውን ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ በቱቦ ሙቅ ውሃ፣ ለስልሶ የሚረጋው እሱ ነውና፣ እንደ ወረቀት ስስ አድርጎ ያፈሳል፣ እስኪረጋ ይጠብቃል፣ ደግሞ ያፈሳል።

"ኧረ ቅመስ" አለችው እናቴ።

"መጀመሪያ ይርጋልኝ" አላት፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ተጫዋቾቹ ጉልበታቸውን በፋሻ የጠቀለሉ፣ ጫማቸውን ሲያስሩ የሚያቃስቱ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በረዶው ላይ ሲወጡ ግን ሁሉም ጎረምሳ ሆኑ። ጨዋታው ሲያልቅ ፀጉሩ የነጣው በረኛ ማይክሮፎኑን ያዘና "ይህን በረዶ የሠራው ሰው የት አለ?" ብሎ ጠየቀ። አባቴ በሥራ ጫማው፣ እንዳይንሸራተት ቀስ እያለ ወጣ። በረኛው ጓንቱን አውልቆ ጨበጠውና "ዛሬ ጉልበቴን አላመመኝም፤ እንዲህ ያለ በረዶ ካገኘሁ ብዙ ጊዜዬ ነው" አለው። ተጫዋቾቹም በሆኪ ወግ፣ ለክብሩ፣ ዱላቸውን በረዶው ላይ ደጋግመው መቱለት፤ አዳራሹ ሁሉ ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ሴት ማን እንደሆነ ባሏን ስትጠይቅ ሰማሁና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "አባቴ ነው" አልኳት።

አሁን አዳራሹ ፈርሶ አፓርታማ ተሠርቶበታል፤ አባቴም ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ሌሎች አባቶች የገነቡት ቤት፣ የከፈቱት ሱቅ ይታያል። የእሱ ሥራ ግን ማታ ተቧጭሮ ጠዋት እንደገና የሚሠራ ስለነበር፣ ለልጆቼ በእጄ ጠቁሜ የማሳያቸው አንድም ነገር የለኝም። ስለዚህ አጠገቤ አስቀምጬ እነግራቸዋለሁ።