የደጋፊዎች ጉባኤ ቀን የጠፋው ዋይፋይ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሁለተኛ ቅዳሜ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ደረቴ ይነፋል። ይነፋ እንጂ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ!

የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው። የከተማችን እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች በየዓመቱ ትልቅ ጉባኤ ያደርጋሉ። ከደባርቅ፣ ከአዲ አርቃይ፣ ከየወረዳው ማኪና ተኮናትረው ስለሚመጡ አዳራሹ ጢም ይላል። ማኅበሩ ለዋይፋዩ ሥራ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ሊያስመጣ ነው ሲባል ደሜ ፈላ። ሊቀ መንበሩ ቢሮ ገብቼ «የጎንደር ልጅ እያለች ምነው?» አልኋቸው። እየጨነቃቸው ሰጡኝ።

የጨነቃቸው ስለ አያ ታከለ ነው። አያ ታከለ ከደባርቅ ወዲያ፣ የድብ ባሕር ገበሬ፣ የማኅበሩም መሥራች ናቸው። ጉባኤው የሚከፈተው በእሳቸው ፊሽካ ነው፤ እሳቸው ሳይነፉ ተከፍቶ አያውቅም። ያን ዓመት ግን ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ዋሉ። «ሳልነፋ ብሞት ይቆጨኛል» ብለው ላኩ። ስለዚህ ከቤታቸው ሆነው በቪዲዮ እንዲከፍቱ ተወሰነ። ታዲያ እሳቸው ደግሞ ሌላ አመጡ፤ ሕዝቡን በዓይኔ ሳላይ አልነፋም አሉ! በዚያ በኩል መምህርት ልጃቸው ስልክ ትይዝላቸዋለች፤ በዚህ በኩል እኔ ስልክ ይዤ በደጋፊው መሃል እየዞርሁ አሳያቸዋለሁ።

ዐርብ ዕለት ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሞከርሁት። ምንም አልጎደለውም።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ጉድ ፈላ። አያ ታከለ ትልቁ ስክሪን ላይ ብቅ ሲሉ ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው፤ ወዲያው ምስሉ ደርቆ ቀረ። ደግሜ ደወልሁ፤ ጠፋ። ላብ አጠመቀኝ። ሊቀ መንበሩ ጆሮዬ ሥር መጥተው «ልጄ፣ ሽማግሌውን አሳዘንሽብን እኮ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ!

መሣሪያዎቼን አየሁ፤ ደኅና ናቸው። ከዚያ በአካባቢው ያለውን የዋይፋይ ዝርዝር ስልኬ ላይ ከፈትሁ። ወይ ጉድ! ማለቂያ የለውም። «ኑ ግቡ»፣ «ለአዲ አርቃይ እንግዳ»፣ «ወንድሜ ተጠቀም»። ቀና ስል አንዱ የይለፍ ቃሉን ካርቶን ላይ ጽፎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ለካ የጎንደር ደጋፊ፣ እንግዳዬን ዳታ እንዳይቸግረው ብሎ፣ ሁሉም ከስልኩ ኢንተርኔት የሚያካፍልበትን የየራሱን ሆትስፖት ከፍቷል! ያ ሁሉ ስልክ ባንድ ሞገድ ላይ ሲጮኽ የእኔ ዋይፋይ በየት በኩል ይሰማ?

ሳቄም ልቅሶዬም መጣ። ጎንደሬን እንግዳህን አታስተናግድ ብትሉት ማን ይሰማችኋል?

ማይኩን ተቀብዬ መድረክ ላይ ወጣሁ። «ወገኖቼ፣ ደግነታችሁ አፈነኝ!» አልሁ። ሳቁ። «አያ ታከለ ሊያዩአችሁ አልቻሉም። ሆትስፖታችሁን ዝጉ። የዛሬዋ ጋባዥ እኔ ነኝ፣ የእኔ ዋይፋይ ለሁሉም ይበቃል። ምነው፣ ድግሴን ናቃችሁት?»

ከዚያ ባለካርቶኑ ካርቶኑን ከአንገቱ አውልቆ «ኧረ አንንቅም እታለም! ዝጉ ጎበዝ!» ብሎ ጮኸ። ከበሮ መቺዎቹ ተቀበሉት። «ዝጉ! ዝጉ!» እየተባለ ስሞቹ ከስልኬ ላይ አንድ በአንድ ሲጠፉ አየሁ።

ደወልሁ። አያ ታከለ ጥርት ብለው መጡ! ስልኩን ይዤ በየወንበሩ መሃል ዞርሁ። እሳቸው ሰዉን በየስሙ እየጠሩ «አለህ? አለሽ? ሸጋ፣ ሸጋ!» ይላሉ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። የመጨረሻውን ረድፍ ሳሳያቸው «በቃ፣ አየሁ» አሉና ፊሽካውን ነፉ። ሕዝቡ ብድግ አለ።

እኔም ስልኩን እንደያዝሁ አለቀስሁ። አያ ታከለ አይተውኝ «ምነው ታለቅሻለሽ? ሸጋ አርገሽ አይደል የጋበዝሽን?» አሉ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሰማ።

ዋይፋዩ እስከ ማታ አንዴም አልተቋረጠም። አያ ታከለ ዛሬ በምርኩዝ መሄድ ጀምረዋል። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ገመድ እዘረጋለሁ አልልም፤ እንግዳ እቀበላለሁ ነው የምለው።