ስለ እንዶድ በር የጻፍኩት

ልጄ መቅደስ ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ስለ አንድ የፍልስጥኤም መንደር ታሪክና መልክዓ ምድር የሚያወሳ ጽሑፍ ይዛ መጣች። ምሳ በልተን ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እየተረጎመች አነበበችልኝ። የምንጩ ስም፣ ወይራ የበዛበት ቁልቁለት፣ አውድማው፣ ማን ከማን ጎን ይኖር እንደነበር፣ ሁሉም ተጽፏል። መንደሩ ግን ዛሬ የለም፤ ሰዎቹም ተበትነዋል። መምህራቸው እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መንደር እንዲሁ አድርጎ እንዲጽፍ አዟል።

«አባዬ፣ የእኛን እርስዎ ይንገሩኝ» አለችኝ። «ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም።»

ልጆቼን ያሳደግኩት ውሸትን እንዲጸየፉ አድርጌ ነው። በዚህም ገርፌያቸዋለሁ። ስለዚህ የእንዶድ በርን ታሪክ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ መጻፌን፣ የጻፍኩትም ምን እንዳደረገ ልነግራት ተገደድኩ።

እንዶድ በር ከኩልመስክ ገበያ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከላይ ገደል፣ ከታች ገደል፤ መሐል ላይ ገብስ የሚያበቅል ጠባብ መሬት። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ የመሬት ሽግሽግ መጣ። መሬት የበዛበት ይቀነስበታል፣ ለሌለው ይሰጠዋል ተባለ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ መሬት የለኝም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ታላቅ ወንድሜ ከጣለው የመሠረተ ትምህርት መጽሐፍ ነው። በመንደሩ ከካህናቱ ሌላ መጻፍ የሚችል እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ከወረዳ የመጣው አስተባባሪ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠኝና «የመንደሩን ታሪክ ጻፍ» አለኝ። «ማን መጀመሪያ ሰፈረ፣ ማን በየትኛው መንግሥት ምን ሹመት ያዘ፣ የትኛው መሬት ለም ነው፤ አንድም ሳታስቀር።»

መጋቢት ነበር፤ ጾም። ሽማግሌዎቹን ተከትዬ ሦስት ቀን ወሰን ለወሰን ዞርኩ። ስንቃችን ቆሎና የኑግ ልጥልጥ ነበር። እያንዳንዱ ድንጋይ ስም ነበረው፤ ሁሉንም መዘገብኩ። ኩራቴን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። አያ ካሳ የሚባሉ ቀልደኛ ገበሬ ከማሳቸው ሆነው ተጣሩ።

«ጸሐፊው፣ የበሬዬንስ ታሪክ አትጽፍም? ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የደከመ።»

«ሹመት ይዟል እንዴ አያ ካሳ?»

«መሪ ነዋ። እኔ ከኋላ ነው የምከተለው።»

ከሁሉ የሚበልጠው ማሳ ጥዱ ሥር ይባላል፤ ምንጩ ስለሚያልፍበት አፈሩ ጥቁር ነው። የአያ ደምሌ ነበር። ስለ እሳቸው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ደምሌ፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር የነበሩ።» ስለ ማሳው ደግሞ «ከመንደሩ ሁሉ ለሙ» አልኩ። ሁለቱም እውነት ነው።

ያልጻፍኩት አለ። በዚያው በደርግ ጊዜ አያ ደምሌ ከመንደሩ አራት ልጆች ለጦር ሜዳ እንዲያቀርቡ ሲታዘዙ ሦስቱን ልከው ነበር፤ ሦስቱም አልተመለሱም። አራተኛው ተረኛ ያ ታላቅ ወንድሜ ነበር። እሱን ግን ወረዳ ላይ ሞቷል ብለው አስመዘገቡና ገደሉ ውስጥ ባለ ዋሻ ደበቁት። አራት ወር በሶ ያቀበሉት ራሳቸው ናቸው። ይህን ከወንድሜ ሌላ የምናውቀው እናቴ፣ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። የሦስቱ ልጆች እናቶች ወንድሜ ሸሽቶ ያመለጠ ይመስላቸው ነበር።

ጽሑፉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ተነበበ። አስተባባሪው የአያ ደምሌ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ሰው የደርግ ሹም ነበር ብለሃል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ሹም የነበረ ሁሉ መሬቱ ይቀነሳል። በሹመቱ ሰው ያዳነ፣ ለድሃ የቆመ ከሆነ ግን የሽግሽጉ ኮሚቴ ያይለታል። የምትጨምረው አለ?»

እናቴ ከሴቶቹ መሐል ቀና ብላ አየችኝ። ከአጠገቧ ከሦስቱ እናቶች አንዷ ተቀምጣለች። ብናገር፣ የእኔ ልጅ ለምን ሄደ፣ የእናንተ ለምን ቀረ ትለናለች። ከዚያ በኋላ በእንዶድ በር እንዴት እንኖራለን?

«የለም» አልኩ።

አያ ደምሌ ተነሡ። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ወደ እናቴ አንድ ጊዜ አዩ፤ ከዚያ «ልጁ የዋሸው የለም» ብለው ተቀመጡ።

በማግሥቱ ማሳው በገመድ ተለካ። ጥዱ ሥር ከእሳቸው ተወስዶ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች በዕጣ ቀረበ። ዕጣው ለእኔ ወጣ። አልፈልግም ማለት እችል ነበር። ዕጣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩና ሰኔ ላይ ገብስ ዘራሁበት። አያ ደምሌ በቀራቸው ጭንጫ ላይ እስኪሞቱ አረሱ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሁልጊዜ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።

ወንድሜ ዛሬ ፍላቂት ላይ እህል ይነግዳል። የሦስቱ ልጆች እናቶችም እናቴም አርፈዋል፤ የምፈራው ሰው የለም። ሰው በተናገረው ቃል ብቻ የሚጠየቅ ይመስለኝ ነበር፤ ልጆቼንም ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነው። አጉድዬ ነው ያስተማርኳቸው።

መቅደስ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ታዲያ አባዬ፣ መሬቱስ?» አለች።

የመሬት ይዞታ ደብተሩ በስሜ ነው፣ ታናናሾችሽም አሉ አልኳት። ኋላ የጻፈችውንም አላሳየችኝም።

የአያ ደምሌ ልጅ ጌጡ ሽግሽጉ ሲደረግ ሕፃን ስለነበር መሬት አልደረሰውም። አሁን እኔ ጉልበቴ ያለዕድሜዬ ስለደከመ ጥዱ ሥርን በእኩል ያርስልኛል። ኅዳር ላይ ገብሱን ወቅቶ ጠራኝ። አውድማው ላይ ምርቱን ከሁለት ከፈለው፤ ከዚያ ከራሱ ክምር አንድ ቁና ሰፍሮ ወደ እኔው ጨመረ። ለታላቅ የሚደረግ ወግ ነው።

«ይባርኩኝ» አለኝ።

ባረክኩት። ከዚያም ድርሻዬን በአህያ አስጭኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።